በትንፋሽ የተባለ አዎ

እንግሊዝኛን ማንም አላስተማረኝም። ሎንዶን ስገባ የማውቀው እስከ ሃያ መቁጠርና ይቅርታ ማለትን ነበር። ከመሬት በታች ባለ የመኪና ማቆሚያ ውስጥ ዘበኛ ሆኜ ተቀጠርኩና፣ በመስታወት በታጠረች ጠባብ ክፍል ተቀምጬ ሰው አንብቦ የጣለውን ጋዜጣ እየሰበሰብኩ ከመዝገበ ቃላት ጋር አመሳከርኩት። ጋዜጣው ሲቀለኝ ወደ ሕግ መጻሕፍት ተሻገርኩ። ዛሬ በሰሜን ሎንዶን አርችዌይ አካባቢ የሚኖር ሐበሻ ከመንግሥት የመጣ ነገር ግራ ሲያጋባው መጀመሪያ የሚያንኳኳው የእኔን በር ነው። ዩኒቨርሲቲ የጨረሱ ልጆች ያሏቸው ወላጆች ሳይቀሩ ልጆቻቸውን ቤት ትተው እኔ ዘንድ ይመጣሉ። ልጆቹ ቋንቋውን ይናገሩታል እንጂ አይመረምሩትም፤ እኔ ግን እያንዳንዱን ቃል ገልብጬ አይቼዋለሁ። ይህን የምጽፈው ለመመካት አይደለም፤ ብመካም ያምርብኛል።

የጎረቤቴ ነገር እስከ ዛሬ የሚያንገበግበኝም ለዚህ ነው። የመኖሪያ ፈቃድ ቢሮው ወዳለበት ወደ ክሮይደን በሄድን ቀን አጠገቧ ተቀምጬ ነበር። እያንዳንዱን ጥያቄና እያንዳንዱን መልስ በእነዚህ በሠለጠኑ ጆሮዎቼ ሰምቻለሁ። ምንም የጎደለ ነገር አልሰማሁም።

ጎረቤቴ ቦሊቪያዊት ናት። ከባሏ ጋር ከእኔ ቀጥሎ ያለውን ፍላት ተከራይተው ሲገቡ ሻንጣቸውን ደረጃ ለደረጃ ያወጣሁላቸው እኔ ነኝ፤ ሊፍቱ እንደ ልማዱ ተበላሽቶ ነበር። ባሏ የአገሯ ልጅ ነው። ስፔን ውስጥ ብዙ ዓመት ሠርቶ የስፔን ፓስፖርት አግኝቷል፤ እሷም እዚህ የመኖር ፈቃድ ያገኘችው በእሱ በኩል ነው። ግድግዳችን ስስ ስለሆነ ትዳራቸውን ሳልፈልግ አውቀዋለሁ። በቋንቋቸው ሲጣሉ፣ ሲታረቁ፣ ሬዲዮ ከፍተው ድስት ሲያንኳኩ እሰማ ነበር። ከሁለት ክረምት በፊት ሰውየው ልቡን አሞት በድንገት ሞተ። ለቅሶ ሊደርሱ ከመጡት ውስጥ ከአገሯ ሰዎች ይልቅ የእኛ ሴቶች ይበዙ ነበር።

ምክንያቱ ሥራዋ ነው። ማታ ማታ ቢሮ ታጸዳለች፤ የምትሠራበት ቡድን ከአለቃዋ ጀምሮ ሐበሻ ነው። የአገሯ ሰዎች የሚበዙት ከወንዙ ማዶ በስተደቡብ በኩል ስለሆነ እዚያ ድረስ ለመሄድ ጊዜ አልነበራትም። ስለዚህ እንግሊዝኛውንም የለመደችው ከእኛ ሴቶች ነው፤ አማርኛም ጣል ጣል ታደርጋለች። እኔን ጋሼ ትለኛለች። ዕቃ ስታቀብለኝ ግራ እጇን ቀኝ ክንዷ ላይ ታስደግፋለች። እየበላች ከደረስኩባት «እንብላ» ሳትል አትጎርስም። ካፌ የምንሰበሰብ ሽማግሌዎች ይህን ስነግራቸው በእኔ ይስቁ ነበር። «ጠበቃው፣ ያቺን ሴትዮ ክርስትና ልታነሳት ነው እንዴ?» ይለኛል አንዱ። ሌላው ደግሞ የእኛን ጉዳይ ሳትጨርስ ወደ ላቲኖቹ ዞርክ ብሎ ወቀሰኝ። የአንተን ባለፈው ወር ነው የጨረስኩት፣ ዝም በል ብዬ ዘጋሁት።

ቦሊቪያ ውስጥ አንዲት ልጅ አለቻት፤ ከዚህኛው ባሏ በፊት የወለደቻት ናት። እናቷ ዘንድ ትታት ስትወጣ ልጅቷ ገና ጥርሷ አልተነቀለም ነበር። ይህ ጉዳይ ሲጀመር አሥራ ሰባት ሞልቷት ነበር። ሕጉ ግልጽ ነው፤ ለእኔ ደግሞ ከማንም ይበልጥ ግልጽ ነው። እናትየው ቋሚ መኖሪያ ካገኘች ልጇን ማምጣት ትችላለች፤ ማመልከት ያለባት ግን ልጅቷ አሥራ ስምንት ሳይሞላት ነው። ከዚያ በኋላ ልጅ ሳትሆን ሌላ አገር የምትኖር ትልቅ ሰው ናት። ጎረቤቴ ለልጇ አልጋ ገዝታ፣ አንሶላ አንጥፋ፣ ፕላስቲኩን ከትራሱ ሳታወልቅ አስቀምጣ ነበር።

ባሏ ሲሞት ግን ቋሚ መኖሪያ የጠየቀችበት ቢሮ ተጠራጠረ። የሰውየው ደብዳቤ ሁሉ ይሄድ የነበረው ወደ ወንድሙ ቤት ነው፤ መጀመሪያ ሎንዶን ሲገባ እዚያ አርፎ አድራሻውን በዚያው ስላስመዘገበ ነው፤ ብዙ ሰው እንደሚያደርገው ሳይቀይረው ቀረ። እነሱ ደግሞ እውነት አብራችሁ ኖራችኋል ወይ፣ ወይስ ትዳሩ ለወረቀት ነው ብለው ለኢንተርቪው ጠሯት።

በዚያ ሰሞን ቴሌቪዥኑ ሌላ ወሬ አልነበረውም። እንግሊዛዊ ማን ነው፣ የመጣ ሰው ስንት ዓመት ይጠብቅ፣ ከጠበቀስ በኋላ ምን ቢያደርግ ነው የእኛ የሚባለው እያሉ ይከራከራሉ። አንድ ማታ እኔ ቤት ሻይ ይዘን ስናይ፣ አንድ ሽበታም ሰውዬ የመጣ ሰው አብሮት የሚኖረውን ሕዝብ መምሰል አለበት፣ በአነጋገሩም በአካሄዱም መዋሐድ አለበት ይላል። ጎረቤቴ መዋሐድ የሚለውን ቃል እንዳብራራላት ጠየቀችኝ። አብራራሁላት፤ እንዲህ ያለውን ነገር እኔ በደንብ ነው የማብራራው። ትንሽ አሰበችና እኔስ ተዋሕጃለሁ ወይ አለችኝ። ካንቺ በላይ የተዋሐደ የለም አልኳት። ሳቀች። ማመልከቻው ላይ ዘርህ ምንድን ነው ለሚለው ጥያቄ ለእኔ ዓይነቱ ሳጥን አለው፣ ለፓኪስታኑ አለው፣ ለቻይናው አለው፤ ለላቲን አሜሪካ ሰው ግን የለውም። «ሌላ» የሚለውን ነው ምልክት ያደረገችበት። ሌላ ለሆነ ሰው መዋሐድ አይከብደውም ብላ ቀለደች።

ለኢንተርቪው ያዘጋጀኋት እኔ ነኝ። ኮት ለብሼ፣ ክራቫት አስሬ፣ ሳሎኔ ውስጥ ጠረጴዛ መሐል አድርጌ ጠያቂ ሆንኩ። ባልሽ በየትኛው በኩል ይተኛ ነበር? ሻይ ሲጠጣ ስኳር ያበዛ ነበር? ስኳሩ ላይ ስንደርስ አለቀሰችና ለዚያ ቀን አቆምን። በሌሎቹ ላይ ግን መልሷ አጭርና ቀጥ ያለ ነበር። እኔ አጭር መልስ እወዳለሁ። ብዙ የሚናገር ሰው ቢሮ ፊት ራሱን እንደሚጠልፍ ከረጅም ልምድ አውቃለሁ።

ክሮይደን የተቀበለችን ጠያቂ ትሑት ወጣት ነበረች። እኔ አብሬ እንድቀመጥ ፈቀደች፤ እንዳልናገር ግን አስጠነቀቀችኝ። ድምፅ መቅጃውን ጠረጴዛው ላይ አደረገችና ጀመረች። የሠርጉን ቀን፣ የእንግዶቹን ብዛት፣ የሰውየውን ሥራ ጠየቀች፤ ጎረቤቴ ሁሉንም መለሰች። ከዚያ ወደ ዋናው ገባች። ባልሽ እስከሞተበት ቀን ድረስ በዚህ አድራሻ አብራችሁ ነበር የኖራችሁት አለቻት። ጎረቤቴ አዎ አለች። ወጣቷ ቀና ብላ አየቻት፤ ጎረቤቴም መልሳ አየቻት። ትንሽ ዝም ተባባሉ። ለመጻፍ ጊዜ ፈልጋ ይሆናል ብዬ አሰብኩ። ደብዳቤዎቹ ወደ ወንድሙ ቤት ይሄዱ የነበሩት ቀድሞ ስላስመዘገበ ብቻ ነው? አዎ አለች። ትዳራችሁ እውነተኛ ትዳር ነበር? አዎ አለች፤ ዓይኗም እንባ አቀረረ።

ስንመለስ ትራም ላይ ልክ እንደ እኔ ነው የመለስሽው አልኳት። ከእኔ አፍ ከዚህ የሚበልጥ ምስጋና ለማንም ወጥቶ አያውቅም።

ከጥቂት ወራት በኋላ ጥያቄዋ ውድቅ ሆነ። ትዳሩ እውነተኛ መሆኑን አላመንንም አሉ። ምክንያቱን ሲያስረዱ፣ በቀላል ጥያቄዎች ላይ በቃሏ ስትመልስ ቆይታ ስለ አብሮ መኖርና ስለ ትዳሩ እውነተኛነት ስትጠየቅ ግን መልስ አልሰጠችም፣ ድንጋጤም ታየባት አሉ። እኔ ውሸት ነው ብዬ ጮህኩ። ጎረቤቴ አልጮኸችም። መልሻለሁ አይደል ጋሼ ብላ ብቻ ጠየቀችኝ፤ እኔም በእግዚአብሔር ፊት እመሰክራለሁ አልኳት።

አንድ የማውቀው ጠበቃ አለ። ወላጆቹ ሐበሻ ናቸው፤ እሱ ግን የተወለደው እዚሁ ነው፣ አማርኛው ግማሽ በግማሽ ነው። አባቱን በአንድ ወቅት በወረቀት ረድቼው ስለነበር ልጁ ያከብረኛል። የኢንተርቪውን የድምፅ ቅጂ አስመጣና ቢሮው ጠራን። መልስ አልሰጠችም ያሉበትን ቦታ ከፈተልን። ጥያቄው ተሰማ፤ ቀጥሎ አጭር ዝምታ፤ ቀጥሎ ሌላው ጥያቄ።

«ጋሼ፣ እርስዎ ምን ሰሙ?» አለኝ።

«አዎ አለች» አልኩት።

«እኔም የምሰማው አዎ ስትል ነው። ፕሮብለሙ እሱ ነው» አለና በሩን ከፍቶ የሥራ ባልደረባውን፣ አንዲት እንግሊዛዊት ልጅ ጠራ። ምንም ሳያስረዳት ያንኑ ቦታ አሰማት። ይህች ሴት ምን አለች ብሎ ጠየቃት። ልጅቷ ደግማ ሰማችና ምንም አላለችም አለች። አንድ ነገር አስደንግጧታል፤ ትንፋሿን ስትስብ ይሰማል አለች።

ያን ጊዜ ነው የገባኝ። ሰው ሲናገር እየሰማን ከንፈራችንን ከፈት አድርገን ትንፋሽ ወደ ውስጥ ሳብ የምናደርጋት ነገር አለች አይደል? አዎ ማለታችን ነው፤ ልክ ነህ፣ ገብቶኛል፣ ቀጥል ማለታችን ነው። አጥብቀን አዎ ማለት የፈለግን ጊዜ ደግሞ ትንፋሿን ጠንከር አድርገን እንስባታለን። አብራን ያደገች ስለሆነች ከቃል ለይተን አንሰማትም። እኔ ይህን ሁሉ ዓመት እንግሊዝኛን ስፈለፍል ኖሬ፣ ያች ትንፋሽ ለእንግሊዝ ሰው የድንጋጤ ድምፅ መሆኗን አንድም ቀን አላስተዋልኩም። ጎረቤቴ ደግሞ ከእኛ ሴቶች ጋር ቢሮ እየጠረገች፣ ከእኔ ጋር ሻይ እየጠጣች፣ ሳታውቀው ወስዳታለች። ጥያቄው ልቧ ድረስ ሲገባ እንደ እኛ አጥብቃ ሳበቻት።

ጎረቤቴ እጇን አፏ ላይ አድርጋ ቆየች። ከዚያ በስልክ ስታወራት ልጇ ሁልጊዜ እናቴ ምን አስደነገጠሽ እያለች እንደምትጠይቃት ነገረችን። ፈተና አለፍኩ ስትላትም፣ አያቴ ደህና ናት ስትላትም፣ እናቷ የምትደነግጥ እየመሰላት ልጅቷ በመጨረሻ ብዙ መናገር ትታ ነበር። መስመሩ መጥፎ ነው ብዬ ነበር የማስበው አለች።

እኔ ተስፋ አደረግሁ። ምክንያቱ ከታወቀ ማስረዳት ነው፤ ማስረዳት ደግሞ የእኔ ሥራ ነው። ጠበቃው ግን ጭንቅላቱን ያዘ። «ጋሼ፣ ኢትዮጵያዊት ብትሆን ኖሮ አንድ የቋንቋ ኤክስፐርት አቅርቤ በአንድ ቀን እጨርሰው ነበር። ቦሊቪያዊት ናት። ይህን ከየት አመጣሽው ሲሏት ምን ልትል ነው?»

ጠበቃው ያስገባው ይግባኝ የሚታይበት ቀን ደረሰ። የልጅቷ ልደት ሊደርስ ጥቂት ወራት ብቻ ቀርተው ነበር፤ ያን ቀን ብንረታ ለልጅቷ ለማመልከት እንደርሳለን። ምስክር ሆኜ ቀረብኩ። በሕይወቴ እንደዚያ ቀን አሳምሬ ተናግሬ አላውቅም። ትዳራቸውን በግድግዳው በኩል እንዴት እንደማውቀው፣ ትንፋሿ ምን ማለት እንደሆነች፣ ጎረቤቴ ከማን ጋር እየዋለች እንዴት እንደለመደቻት አንድ በአንድ አስረዳሁ። ዳኛው ብዕራቸውን አስቀምጠው አዳመጡኝ። የመንግሥት ወገን ጠበቃ ተነሣ። ረጋ ያለ ሰው ነው፤ አልተሳደበም፣ አልጮኸም። ይህች ሴት እዚህ አገር ለመኖር የጠየቀችው የዚህን አገር ኑሮ ተላምጃለሁ ብላ አይደለም ወይ አለኝ። ነው አልኩት።

«እርስዎ የሚሉን ግን እንግሊዝ አገር እየኖረች ኢትዮጵያዊት ሆነች ነው?»

«ጎረቤቶቿን መሰለች ነው የምለው። ጎረቤቶቿ እኛ ነን» አልኩት።

ጥሩ መልስ ነበር። ዛሬም ቢሆን ጥሩ መልስ ነው እላለሁ። ሰውየው ግን ፈገግ ብሎ ተቀመጠ፤ ከኋላ የተቀመጡትም ፈገግ ሲሉ አየሁ። ከዚያ ዳኛው ወደ እሷ ዞሩና፣ በአክብሮት፣ ያንን ድምፅ እስቲ አሰሚን አሏት።

ጎረቤቴ ሞከረች። የመጀመሪያው እንደ ሳል ሆነ። ሁለተኛው እንደ ሲቃ። በሦስተኛው ፊቷ ቀላና ተወችው። ማንኛችንም ብንሆን በትእዛዝ አናወጣትም፤ ሰው ሲናገር ልባችን ሲከተለው በራሷ የምትመጣ ነገር ናት። ይህንን ለማስረዳት እጄን አነሣሁ፤ የእርስዎ ተራ አልፏል ተባልኩ። በአገርሽ ሰው እንዲህ ያደርጋል ወይ አሏት ዳኛው። አያደርግም አለች፤ ውሸት መናገር አትችልም። ይህንን ቃሏን ግን ጮክ ብላ፣ ጥርት አድርጋ ነው የተናገረችው።

ተሸነፍን። ዳኛው ማብራሪያው የረቀቀ ቢሆንም ሊታመን የሚችል አይደለም አሉ። የእኔን ምስክርነት በተመለከተም ቅን ሰው ነው፣ ነገር ግን ጎረቤቱን ለመርዳት ካለው ፍላጎት የተነሣ ያልተባለ መልስ ሰምቷል አሉ። እኔን ነው ያልተባለ ሰምቷል ያሉት። አንድ ሳምንት ያህል ከቤት አልወጣሁም። ካፌ የሚሰበሰቡት መጥተው አንኳኩ፤ አልከፈትኩም።

ጠበቃው አንድ የሕግ ነጥብ አግኝቶ ጉዳዩ እንደገና እንዲታይ አስፈቀደ፤ ቀጠሮው ግን ከልጅቷ ልደት በኋላ ብዙ ወራት የሚርቅ ነው። ከዚያ ሁለታችንንም አስቀምጦ፣ እኔን እያየኝ ሳይሆን ጠረጴዛውን እያየ፣ ምክሩን ሰጠ። በሚቀጥለው ችሎት ያች ትንፋሽ አንድ ጊዜ ብታመልጣት አለቀላት። ልማዱ እስኪለቃት ድረስ ከእኛ ሰዎች ጋር ባትውል ይሻላል። ሥራ ትቀይር፤ መልሷንም በእንግሊዝኛ፣ ቃሉን ጥርት አድርጋ፣ ጮክ ብላ መናገር ትልመድ። «ሶሪ ጋሼ፣ እርስዎንም ይጨምራል» አለ።

የምትሠራበትን ቡድን ለቀቀች። አሁን የምታጸዳው ሌላ ሕንፃ ነው፤ ከማን ጋር እንደሆነ አልጠየቅኋትም። ሊፍት ውስጥ ስንገናኝ በእንግሊዝኛ እንደምን አደሩ ትለኛለች፤ ጋሼ አትለኝም። ዕቃ ስታቀብል በአንድ እጇ ነው። ከግድግዳው ወዲያ ደግሞ ብቻዋን የስ፣ የስ፣ የስ እያለች ስትለማመድ እሰማለሁ። ቃሉን በደንብ ትለዋለች፤ መጨረሻው ላይ ትንሽ ትስበዋለች እንጂ። ገብቼ ባርማት ደስ ይለኝ ነበር።

የልጅቷ ልደት ዕለት በስልክ ሲዘፍኑላት ሰማሁ። ከወዲያ በኩል ብዙ ድምፅ ነበር፤ ከወዲህ በኩል የእሷ ብቻ። ብዙም አልቆየም። በማግስቱ ሊፍቱ ፊት ለፊት ቆማ አገኘኋት። ሰላም ብያት ላልፍ ስል እጄን ያዘችኝ፤ ከዚያ ሁሉ ወር በኋላ በአማርኛ ጠራችኝ።

«ጋሼ፣ ልጄ ሥራ ይዣለሁ አለችኝ። ለእኔ ብለሽ አትልፊ፣ አሁን መምጣት አልፈልግም አለችኝ።»

ቀጥላ ያለችው በእንግሊዝኛ ነው። ጉዳዩን ልተወውና አገሬ ልግባ? ልጄ ሳታውቀኝ አድጋለች፤ ከማን ጋር ልኖር ነው? ወይስ ባሌ እዚህ ነው የተቀበረው፣ እስከ መጨረሻው ልከራከር? አልጋውንስ ምን ላድርገው? እርስዎ ያውቃሉ፣ ምን ይመክሩኛል አለችኝ።

ለሰው ስመክር ነው የኖርኩት። ቤቴ መጥቶ የጠየቀኝን ሰው ሁሉ፣ የማላውቀውን እንኳ ቆይ ብዬ ፈልጌ፣ ሳልመልስ ሰድጄው አላውቅም። የሕጉ መልስ አሁንም በአፌ ላይ አለ፤ ቀጠሮው፣ ነጥቡ፣ የማሸነፍ ዕድሉ። እሷ ግን የጠየቀችኝ ሌላ ነበር። ሊፍቱ መጣ፣ በሩ ተከፈተ፣ ቆሞ ጠበቃት።

አላውቅም አልኳት። ጠበቃው እንዳዘዘው በእንግሊዝኛ፣ ቃሉን ጥርት አድርጌ፣ ጮክ ብዬ።

ጭንቅላቷን ነቀነቀችና ወደ ሥራዋ ወረደች።